የቆዩ የላብራቶሪ ኬሚካሎችን የት ልድፋቸው?

መምህርት ከአዘዞ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሰሞኑን የላብራቶሪውን ስቶር ተረክቤ ስከፍተው ራሴን አዞረኝ። ሁለት ሊትር ያህል አሮጌ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከተሰበሩ ቴርሞሜትሮች የተለቀመ ሜርኩሪ፣ ግማሽ ጠርሙስ ክሎሮፎርም አለ። ጽሑፉ የለቀቀ፣ ቢጫ ደረቅ ነገር ያለበት ትንሽ ጠርሙስም አለ፤ ክዳኑ አልከፈት ብሎኝ ተውኩት። ጥበቃው ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው ይላል። ባልደረባዬ ደግሞ ቧንቧ ከፍተሽ ሲንክ ውስጥ ድፊው አለኝ። ምን ይሻላል?

ላብ ቴክኒሺያን፦ አሲዱ ቀላል ነው፣ እህቴ። ሌላ ነገር ካልተቀላቀለበት እዚያው ትጨርሺዋለሽ። ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ብዙ ውሃ አድርጊ። አሲዱን ቀስ እያልሽ ወደ ውሃው ጨምሪ፤ ውሃውን ወደ አሲዱ እንዳታደርጊው። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ በማንኪያ። አረፋው ሲያበቃ በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት ለኪው፤ ከ6 እስከ 8 ከሆነ በብዙ ውሃ ይደፋል። ጓንትና መነጽር አትርሺ። በረኪና አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የቀሃ ልጅ፦ ሜርኩሪና ክሎሮፎርም ግን ሲንክም ጉድጓድም አይገቡም። የቀሃና የአንገረብ ወንዞች ውሃ መገጭ ወንዝ ገብቶ ጣና ነው የሚደርሰው፤ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ክሎሮፎርሙን ማቃጠልም አይታሰብ፣ ፎስጂን የሚባል መርዝ ሊወጣው ይችላል። ሁለቱንም ለየብቻ ግጥም አድርገሽ ክደኚ፣ ስማቸውን ጻፊባቸው። ከዚያ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፍ። የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1090/2010፤ እሱን ጥቀሱበት።

ጡረተኛው ኬሚስት፦ ልጆች፣ ሁላችሁም አሲዱ ላይ ተረባረባችሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ቢጫው ጠርሙስ ነው። ፒክሪክ አሲድ ሊሆን ይችላል። ውሃ ተጨምሮበት ነው የሚቀመጠው፤ ከደረቀ ፈንጂ ነው። ክዳኑ ጥርስ ላይ የደረቀው ብናኝ ሲፈተግ ብቻ ሊፈነዳ ይችላል። ልጄ፣ አትንኪው፣ ከቦታውም አታንሺው። ክፍሉን ቆልፊና ፖሊስ ይጠራ፤ የፈንጂ ባለሙያ እነሱ ጋ ነው።

መምህርት ከአዘዞ፦ ኧረ ጋሼ! ትናንት እኮ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ስታገለው ነበር።

ጡረተኛው ኬሚስት፦ እግዜር ነው ያተረፈሽ። በይ አሁኑኑ ቆልፊ።

ላብ ቴክኒሺያን፦ ይቅርታ፣ ቢጫውን አላስተዋልኩትም። በቃ አሲዱም ይቆይ፤ ጠርሙሱ ሳይነሳ ማንም አይግባ።

መምህርት ከአዘዞ፦ ቆልፌዋለሁ፣ ቁልፉ ኪሴ ነው። ዳይሬክተሩ ፖሊስ ጋ እየደወሉ ነው። ጥበቃውንም አስቁሜዋለሁ፤ ለካ ጉድጓዱን እስከ ጉልበቱ አድርሶት ኖሯል።