በ1954ቱ የዋንጫ ፎቶ ላይ ያለው ፊርማ እውነተኛ መሆኑንና ዋጋውን እንዴት ላውቅ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከወረቀቶቹ መካከል በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድናችን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አግኝተናል። በላዩ ሁለት ፊርማዎች አሉ። በሰማያዊ እስክሪብቶ በላቲን ፊደል የተፈረመው የአምበሉ የሉቺያኖ ቫሳሎ፣ በጥቁር ቀጭን ማርከር በአማርኛ የተፈረመው ደግሞ የመንግሥቱ ወርቁ ነው ይባላል። አንድ ገዢ 15,000 ብር ሊሰጠኝ ጠይቆኛል፤ ነገር ግን እውነተኛነቱን ሳላረጋግጥ መሸጥም ሆነ ለሌላ ሰው እውነተኛ ነው ማለት አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ (ፎቶ ቤት ያለው፣ ከሐረር)፦
ከፊርማው በፊት ወረቀቱን ይመርምሩ። ፎቶው ከ1954 ዓ.ም. በኋላ የታተመ ከሆነ፣ በዚያው ሰሞን ተፈረመ የሚለው ታሪክ እዚያው ላይ ይወድቃል። የዚያን ዘመን የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ጀርባው የወረቀት ሻካራነት አለው፤ ብዙ ጊዜም ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ጀርባው ልሙጥና ፕላስቲክ የተቀባ ከመሰለ ግን ይጠንቀቁ፤ በፕላስቲክ የተለበጠው ወረቀት ለጥቁርና ነጭ ፎቶ በስፋት የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነው። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማህተም ወይም የእጅ ጽሑፍ ካለ፣ እሱንም ሳይነኩ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

መልስ (የቆዩ ሰነዶች ሰብሳቢ)፦
በወንድሜ ሐሳብ ላይ የምጨምረው ስለ ቀለሙ ነው። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዘንብለው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። እውነተኛ የእስክሪብቶ ፊርማ በወረቀቱ ላይ የተጫነ ቦይ ይተዋል፤ መስመር ከመስመር ላይ ሲያልፍም የትኛው ከላይ እንዳለ ብዙ ጊዜ ይለያል። ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ፊርማ ግን ቦይ የለውም፤ በማተሚያ ቤት የታተመ ከሆነም ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩበታል። በእጅ የተኮረጀ ፊርማ ደግሞ ቀስ ተብሎ ስለሚሳል መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ ቆም ባለበት ቀለሙ ይጠራቀማል፣ የመስመሩም ጫፍ ዱልዱም ሆኖ ይቀራል። ራሱ የፈረመ ሰው እጁን ሳያቆም ስለሚወረውረው ጫፉ እየቀጠነ ያልቃል።

የማርከሩ ነገር ያሳስበኛል። ጫፈ ቀጭን ማርከር በስፋት የተሠራጨው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሲሆን፣ ታዋቂው ሻርፒ እንኳ ገበያ ላይ የዋለው በ1964 ነው። የእኛ ድል ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1962 ነበር። ይህ ፊርማውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ መንግሥቱ ወርቁ ከዓመታት በኋላ ፈርሞበት ሊሆን ይችላል። «ሁለቱም በዋንጫው ማግስት ፈረሙ» የሚል ሰው ካለ ግን አልቀበለውም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ጀርባው ሻካራ ወረቀት ነው፤ ደብዛዛ ማህተምና «ጥር 1954» የሚል ጽሑፍም አለው። የሰማያዊው ፊርማ ቦይ በጣት እንኳ ይዳሰሳል።

መልስ (በጥጥ ፋብሪካ የሠሩ አዛውንት)፦
ልጄ፣ ቫሳሎ በእኛ በጥጥ ፋብሪካ ክለብ ተጫውቷልና ፊርማው አባትህ ዘንድ መገኘቱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ መገኘቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ፊርማውን የምታመሳስለው በዚያው ዘመን ከተፈረመ ሌላ ወረቀት ጋር ይሁን፤ ሰውየው በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ሄዶ እዚያው አርጅቷል፣ የሽምግልና ፊርማ ደግሞ ከወጣትነቱ ጋር አንድ አይሆንም። በዚያ ጊዜ የነበሩ ሰዎች ቤት የደመወዝ ፔሮል፣ የክለብ መታወቂያ ወይም ሌላ የተፈረመበት ፎቶ ካለ ጠይቅ። እናትህና የአባትህ ባልደረቦች ፎቶው እንዴት እንደመጣ የሚያስታውሱትንም ዛሬ ነገ ሳትል ጻፍ፤ ስማቸውንና የነገሩህን ቀን ጨምረህ አስፈርማቸው።

መልስ (የቆዩ ሰነዶች ሰብሳቢ)፦
የአባታችን ምክር ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል። በውጭ አገር ፒኤስኤና ጄኤስኤን የመሳሰሉ ፊርማ መርማሪ ድርጅቶች አሉ፤ የእኛን ተጫዋቾች ፊርማ ለመመርመር ግን የሚያመሳስሉበት በቂ ናሙና ያስፈልጋቸዋል። ያልታወቀ ሻጭ ራሱ ጽፎ የሚሰጠው «እውነተኛ ነው» የሚል ወረቀት ደግሞ ከሻጩ ቃል የተለየ ክብደት የለውም።

ዋጋን በሚመለከት፣ በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ሻጮች የሚጠይቁትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ይመልከቱ። ለዚህ ፎቶ የሚመሳሰል ሽያጭ ማግኘት ከባድ ስለሆነ፣ ቢያንስ ከሁለት ሌሎች ገዢዎች ሳይጠይቁ በ15,000 ብር አይስማሙ። ሁለተኛው ፊርማ ካልተረጋገጠም በግልጽ «ያልተረጋገጠ» ብለው ይሽጡ። ፎቶው ከአገር የሚወጣ ከሆነ፣ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ምክንያት አስቀድመው የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

መልስ (ፎቶ ቤት ያለው፣ ከሐረር)፦
እስከዚያው ላሚኔት አያስደርጉት፤ የደበዘዘውንም ፊርማ በእስክሪብቶ አይድገሙበት፣ በዚያች ቅጽበት ዋጋው ያልቃል። የድሬዳዋ ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፎቶን ያደርቃል፣ ያሰነጥቃልም፤ ስለዚህ ከፀሐይ ርቆ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ተሸፍኖ፣ ቀዝቀዝ ባለው ክፍል በጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ለገዢ ሲያሳዩም ፎቶውን ሳይሆን ቅጂውን ይላኩ።