የሆም ገደብ ያለባቸውን ቤቶች እንዴት እንለይ?

አሜሪካ ውስጥ ኪራዩ በመንግሥት ድጋፍ በተገደበ ሕንፃ የምንኖር ተከራዮች ነን። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሠራ ገንዘቡ ከሁለት ቦታ ነው የመጣው፤ ከፌዴራል የታክስ ክሬዲት (ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች እንዲሠሩ ከሚሰጥ የግብር ቅናሽ) እና ሆም (HOME) ከሚባለው የፌዴራል የቤት ድጋፍ ፕሮግራም። የታክስ ክሬዲቱ ውል ኪራዩን ለ30 ዓመት ይገድባል። እኛም ይህንኑ አምነን ነው የተቀመጥነው።

አሁን ባለቤቱ በታክስ ሕጉ ክፍል 42 መሠረት ገዢ ይፈለግልኝ ብሎ ለስቴቱ የቤቶች ኤጀንሲ አመልክቷል። በ1 ዓመት ውስጥ ገዢ ካልቀረበ ገደቡ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ለ3 ዓመት ነባር ተከራይ ያለ በቂ ምክንያት አይወጣም፣ ኪራዩም ከገደቡ አያልፍም። ከዚያስ? ጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። በገበያ ዋጋ አንድ ወርም አይዘልቁም።

ሁለቱንም ውሎች ከንብረት መዝገብ ቢሮ አወጣን። የታክስ ክሬዲቱን ገጽ በገጽ አየነው፤ ባለቤቱ ገዢ ይፈለግልኝ የማለት መብቴን ትቻለሁ ያለበት አንቀጽ የለም። የሆሙ ውል ተስፋ ይሰጣል። ገደቡ 20 ዓመት ነው፣ ሕንፃው ቢሸጥም አይለቅም። ችግሩ የሚሸፍነው የተወሰኑ ቤቶችን ብቻ መሆኑ ነው። የቤት ቁጥርም አልተጻፈበትም፤ ቤቶቹ “ተንሳፋፊ” ናቸው፣ ማለትም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀያየራሉ። የሕንፃው አስተዳደር ዝርዝሩን አላሳይም ብሎናል።

ዛሬ በሆም ሥር ያሉት ቤቶች የትኞቹ እንደሆኑ የሚያሳየውን መዝገብ ተከራይ ከማን፣ በምን ዓይነት ማመልከቻ ማግኘት ይችላል?