የልጄ ዓይን ቀልቶ ከትምህርት ቤት በር መለሱን፣ ነገ ፋሲል ግንብ ጉብኝት አለ፣ ምን ላድርግ?

የሶስና እናት (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:25)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የልጄ ዓይን ቀልቷል። ዛሬ ጠዋት ዘበኛው አይቷት ዩኒት ሊደሯን ጠራ። እሷ ደግሞ ከሩቁ አየቻትና «ዓይን ማዝ ነው፣ ሌሎቹን ታስይዛለች፣ የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ኑ» ብላ መለሰችን። ነገ በ2 ሰዓት ክፍላቸው ፋሲል ግንብ ጉብኝት ይሄዳል። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ነው የምታወራው፣ ባርኔጣዋን ራስጌዋ አድርጋ ነው የምትተኛው። ጠብታ እያደረግሁላት ነው፣ አልተሻላትም። በአንድ ቀን የሚያድን ጠብታ የምታውቁ ስሙን ጻፉልኝ። ሥራ ቦታ ነኝ፣ እሷም አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን እያሸች ነው።

እማዋይሽ (2:31)
ሻይ ቅጠል አፍልተሽ አቀዝቅዢና በጥጥ ጥረጊላት። እኔ አራት ልጅ ያሳደግሁት በዚህ ነው።

የአዘዞ ልጅ (2:33)
ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት። ርካሽ ነው፣ የትም ፋርማሲ አለ። አለቀ።

ጋሽ መምህር (2:58)
ልጄ፣ በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በእኛ አገር ዓይን ማዝ ሲባል ትራኮማ ማለት ነው። ትራኮማ ቀልድ አይደለም። ባክቴሪያ ነው፤ በዝንብ፣ በጣት፣ በጋራ ፎጣ፣ በነጠላ ጫፍ ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆቡ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል። ኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቃል። እናቶቻችን በወረንጦ ሲነቅሉት ያየን ሰዎች እናውቀዋለን። ስለዚህ የልጆች ፊት በየቀኑ ይታጠብ። እኔ ሳስተምር በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ፊትና ጥፍር አይ ነበር። አሁን ይህ ቀርቷል። ወላጅ ስልክ ላይ ነው፣ መምህሩም ስልክ ላይ ነው።

ጉብኝቱን በተመለከተ፣ ልጆቹን ከመውሰዳችሁ በፊት ምን እንደሚያዩ ንገሯቸው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። የግቢው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይሆናል፣ 12 በሮች አሉት። የዐፄ ኢያሱ ግንብ አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ አለ። ልጆች ግን ወጥተው የሚያወሩት የአንበሶቹን ቤት ብቻ ነው።

ባለሱቅ ፒያሳ (3:04)
ጋሼ፣ ፊት ይታጠብ ማለቱ ጥሩ ነው። በምን? የእኛ ሰፈር ቧንቧ ራሱ ዓይን ማዝ ይዞታል። ጠዋት ትንሽ ይከፈትና ተጣብቆ ይውላል።

ጋሽ መምህር (3:09)
አንድ ጣሳ ውሃ ፊት ለማጠብ ይበቃል። ለመኪና ማጠቢያ ሲሆን አይጠፋም።

የሁለት ልጆች አባት (3:15)
ይቅርታ አድርጊልኝና ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም። «እንዴት ትዳን» ሳይሆን «እንዴት ጉብኝት ትሂድ» ነው የምትዪው። አምና አንድ ልጅ ቀልቶ መጣ፣ በሳምንቱ የኔ ሁለቱም ልጆች ያዛቸው፣ ከዚያ እኔ ራሴ። ጥቁር መነጽር አድርጌ ቢሮ ገብቼ ምን እንደተባልኩ አልነግርሽም። ግንቡ 400 ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ የትም አይሄድም። ልጅሽ ቤት ትዋል።

የሶስና እናት (3:22)
ወንድም ዓለም፣ የሰው ልጅ ላስይዝ ብዬ አይደለም። የሚተላለፍ ከሆነማ በ44ቱ ታቦት ራሴ አስቀራታለሁ። ግን እኛ ቤት ማንንም አልያዘም። ታናሽ ወንድሟ አብሯት ነው የሚተኛው፣ ዓይኑ ነጭ ነው።

የአዘዞ ልጅ (3:24)
ቴትራሳይክሊን ሞከርሽ?

እትዬ ጥሩ (3:40)
ምች ነው የመታት። የሚያዝያ ፀሐይ ነው። ዳማከሴ ጨምቂላት።

ባለሱቅ ፒያሳ (3:41)
ዓይኗ ውስጥ???

እትዬ ጥሩ (3:46)
ዓይን ውስጥ ማን አለህ አንተ! ግንባሯን ቀብታት ሽታውን ትሳብ ነው ያልኩ። የዛሬ ልጅ ሳያነብ ይመልሳል።

የቤቲ እናት (3:52)
በዚሁ አጋጣሚ፣ የእኛም ኮሙኒኬሽን ደብተር ላይ ጉብኝቱ፣ ጥፍር መቁረጡ፣ የግንቦት የወላጆች ቀን መዋጮ፣ ሰኞ ደግሞ የትል መድኃኒት ይሰጣል የሚል ተደርድሮ መጥቷል። ለመድኃኒቱ ቁርስ በልታ ትሂድ ወይስ በባዶ ሆዷ? ደብተሩ ላይ አልጻፉም።

ነርሷ ከማራኪ (4:30)
አሁን ከተራ ወጣሁ። የሶስና እናት፣ እንደምን ዋልሽ። ሳልጠይቅሽ የጠብታ ስም አልሰጥሽም፣ አትቀየሚኝ። እነዚህን መልሺልኝ።
አንድ ዓይኗ ነው ወይስ ሁለቱም? ያሳክካታል ወይስ ያማታል? አይናሩ ቢጫ ነው፣ ውሃ ነው ወይስ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ? ብርሃን ስታይ ትጨፍናለች? ትኩሳት፣ ሳልና ሽፍታስ? (ኩፍኝም በቀላ ዓይን ይጀምራል፣ ክትባቷን ሁለት ጊዜ መውሰዷን ካርዷ ላይ እዪ።) ከዚህ በፊት እንዲህ ሆና ታውቃለች? «ጠብታ እያደረግሁ ነው» ያልሽውስ ምንድን ነው? ሁሉም ሰው ይህን ጥያቄ ዘሎ መድኃኒት ያዛል።

የአዘዞ ልጅ (4:33)
ሁሉም ሰው ስትዪ እኔን ነው አይደል?

የሁለት ልጆች አባት (4:37)
ሲስተር፣ ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን ያስፈልጋል? የቀላ ዓይን የቀላ ዓይን ነው።

ነርሷ ከማራኪ (4:45)
አይደለም ወንድሜ። ለቀላ ዓይን ሁሉ ዓይን ማዝ እንላለን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። በቫይረስ የሚመጣው ቶሎ ይተላለፋል፣ ብዙ ጊዜ ባንዱ ዓይን ጀምሮ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ በሳምንት ሁለት ሳምንት ራሱ ይለቃል። እናንተን ቤት ሙሉ የያዛችሁ እሱ ይመስለኛል። ጋሽ መምህር ያሉት ትራኮማ ሌላ ነው። አለርጂ ደግሞ ሌላ፣ እሱ ከልጅ ወደ ልጅ አይሄድም።

የሶስና እናት (5:20)
ይቅርታ፣ ስብሰባ ገብቼ ነው። ሁለቱም ዓይኗ ነው። ህመም አትልም፣ ማሳከክ ነው። ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪነሳት ታሸዋለች። ጠዋት የሚወጣው ነጭ ሆኖ እንደ ክር ይሳባል፣ ልክ እንዳልሽው። ትኩሳት፣ ሽፍታ የለም። ክትባቷ ሙሉ ነው። አምናም በፋሲካ ሰሞን እንዲህ አድርጓት ነበር፣ ክረምት ሲገባ ተዋት። ጠብታው አምና ፋርማሲ የሰጡኝ ነው፣ ቤት ቀርቶ አገኘሁት። አምና በሁለት ቀን ነበር መቅላቱን ያጠፋው። ዴክሳሜታዞን ይላል።

ነርሷ ከማራኪ (5:28)
እህቴ፣ ይህን ነበር መጀመሪያ የሚነገረው! ጠብታውን አሁኑኑ አቁሚ።
አንደኛ፣ የተከፈተ የዓይን ጠብታ ከአንድ ወር በላይ አይቀመጥም። አምና የተከፈተ ጠብታ ራሱ ጀርም ይዞ ይጠብቅሻል። ሁለተኛ፣ ዴክሳ ስቴሮይድ ነው። መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋው ሰው ይወደዋል፣ በየዓመቱ እየገዛ ያንጠባጥባል። ሐኪም ሳያየው ሲደጋገም ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ የዓይን ሞራም ያመጣል። ልጅ ደግሞ ማየቴ ቀነሰ ብሎ አይነግርሽም። አምና በሁለት ቀን መቅላቱን ስላጠፋው መድኃኒቱ ትክክል ነበር ማለት አይደለም።

ከነገርሽኝ ስነሳ አለርጂ ይመስላል። ሁለት ዓይን፣ ማሳከክ፣ ክር የሚመስል አይናር፣ በየዓመቱ በዚህ በሙቀትና በአቧራ ወር መምጣቱ። ግን እኔ አላየኋትም። ዛሬውኑ የዓይን ክፍል ውሰጃት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው። ሩቅ ከሆነብሽ በቅርብሽ ጤና ጣቢያ ጀምሪና ሪፈር ይጻፉልሽ። ያቺን ጠብታ ከነብልቃጧ ይዘሻት ሂጂ፣ ስንት ቀን እንዳደረግሽላትም ንገሪያቸው። እስከዚያው ንጹህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ የጨፈነ ዓይኗ ላይ አድርጊላት፣ ማሳከኩን ያበርድላታል። በጣቷ አትሽ። ሻይ ቅጠሉ ይቅር፣ እማዋይሽ ይቅርታ።

እማዋይሽ (5:35)
አራቱም ልጆቼ ዓይናቸው ደህና ነው ለማለት ያህል ነው።

የአዘዞ ልጅ (5:36)
ስለዚህ ቴትራሳይክሊን አትጠቀም?

ነርሷ ከማራኪ (5:38)
ለአለርጂ ምንም አይሠራም። የባክቴሪያ ከሆነ ያዩዋት ያዙላታል። አንተን ግን ፋርማሲው ኮሚሽን ሊከፍልህ ይገባል።

የናቲ እናት (6:10)
የሶስና እናት አይዞሽ። የኔ ልጅ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በየሚያዝያው እንዲህ ነው። ሐኪሟ በወንዶች ይበዛል፣ ብዙዎቹን ጉርምስና ሲገቡ ይለቃቸዋል አለችኝ። እኛን የጠቀመን ይኼ ነው። ሰፋ ያለ ባርኔጣና የልጅ መነጽር፣ ከውጭ ሲገባ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ የትራሱን ልብስ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ቤት ሲጠረግ ከቤት ማስወጣት። ጠብታውን በየዓመቱ እየታየ ነው የሚታዘዝለት።

ዋናው ግን ወረቀቱ ነው! እኔ መጀመሪያ ጊዜ «ታክሟል» የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት ይዤ ሄጄ ዩኒት ሊደሩ እንደገና መለሰኝ። ሐኪሙን «አይተላለፍም፣ ትምህርት ቤት መግባት ይችላል» ብሎ በግልጽ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። በአማርኛ ይጻፍልሽ። በር ላይ ያለው ዘበኛ እንግሊዝኛ በሐኪም ጽሕፈት አያነብም። እኔም አላነብም።

የሁለት ልጆች አባት (6:22)
አለርጂ ከሆነ ቃሌን አነሳለሁ። ግን ዩኒት ሊደሯ በር ላይ መመለሷ ትክክል ነው። እሷ በምን ታውቃለች?

የናቲ እናት (6:25)
መመለሷስ ደግ። ጥፋቱ ከሩቅ ሆና «ዓይን ማዝ ነው» ማለቷ ነው። ልጆቹ ሰምተው ስም ያወጣሉ። የኔን ልጅ «ቀዮ» ይሉት ነበር።

ጋሽ መምህር (6:50)
ሲስተር፣ አመሰግናለሁ፣ ተማርኩ። አለርጂውን አላሰብኩትም። ነገር ግን ፊት መታጠብ ለሁሉም ይጠቅማል፣ ይህን አልለቅም። የሶስና እናት፣ ሐኪሙ ከፈቀደላት ለመምህሯ አስቀድመሽ ንገሪ። ግቢው ውስጥ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ይበዛል፣ ጥላው ጥቂት ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐዩ ያታልላል፣ አየሩ ቀዝቅዞ እያለ ዓይን ይወጋል። ሁለተኛ ሃይላንድ ውሃ ያዢላት፣ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለፊት። ዐፄ ፋሲለደስ ምን እንደሠሩ ንገሪያት ያልኩትንም አትርሺ።

የቤቲ እናት (7:05)
የኔን የትል መድኃኒት ጥያቄ ያየ የለም አይደል?

የሶስና እናት (7:40)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስፈቅጄ ወጥቻለሁ። ካርድ አውጥተን የዓይን ክፍል ተራ እየጠበቅን ነው። ብልቃጧን ይዣታለሁ። ልጅቷ ባርኔጣዋን ከአሁኑ አድርጋለች፣ ሰው ሁሉ ያያታል። እትዬ ጥሩ፣ ዳማከሴውን ለራሴ አደርገዋለሁ፣ ራሴን እያመመኝ ነው። ጠብታ ሲያዙ ስሙን ጽፌ ሲስተርን እጠይቃለሁ።

እትዬ ጥሩ (7:44)
ማርያም ትርዳሽ። ለራስ ምታት ነው ዋናው ሥራው።

ነርሷ ከማራኪ (9:15)
የቤቲ እናት፣ ይቅርታ። ቁርስ በደንብ አብልተሽ ላኪያት። የብልሃርዚያውም አብሮ የሚሰጥ ከሆነ በተለይ፣ እሱ በባዶ ሆድ ያዞራል፣ ያስመልሳል። የሱን ኪኒን ብዛት ቁመቷን በእንጨት ለክተው ነው የሚወስኑት፣ ስለዚህ ጓደኛዋ ሁለት ወስዳ እሷ ሦስት ብትወስድ አትደንግጪ። የዚያን ቀን ትኩሳት ካላት ወይም የምትወስደው ሌላ መድኃኒት ካለ ለሰጪዎቹ ንገሪ።
የሶስና እናት፣ ምን አሉሽ?

የቤቲ እናት (9:20)
ተባረኪ። የወላጆች ቀን መዋጮው ስንት እንደሆነ የምታውቁስ? እኛ ደብተር ላይ በውሃ ተበላሽቶ አይነበብም።

ባለሱቅ ፒያሳ (9:31)
ውሃ የደረሰው ቤት አገኘን!

የናቲ እናት (አርብ፣ ከጠዋቱ 1:50)
የሶስና እናት፣ ገባችላችሁ? ወረቀቱን ተቀበሉ?

የአዘዞ ልጅ (አርብ፣ 5:12)
ዛሬ በግንቡ በኩል ሳልፍ ሰልፍ የያዙ ልጆች አየሁ። ግማሾቹ ባርኔጣ አድርገዋል። የትኛዋ እንደሆነች እንዴት ልወቅ።