ለተማሪ መታከት የሥነ ልቦና ኮቺንግ ምን ያህል ይረዳል?

ጠያቂ፣ የአምስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ካለፈው ሴሚስተር ወዲህ ብተኛም ባልተኛም ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ እህል ስፈጭ ያደርኩ ያህል ይደክመኛል፤ አንዱን ገጽ ሦስት አራት ጊዜ አነበዋለሁ እንጂ ምን እንደሚል አልይዝም። ውጤቴ ገና አልወረደም። ይሁን እንጂ ፈልጌ የገባሁበት ትምህርት አስጠልቶኛል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ ግዴታ የሆነው የመውጫ ፈተና በተነሳ ቁጥር ደግሞ ሆዴ ይላወሳል። ጓደኞቼ «ትንሽ ተዝናኚ» ይሉኛል። ፀሐይ ላይ ለሚውሉት ወላጆቼ ግን ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ደከመኝ ለማለት አፌ እምቢ ይለኛል። በሳምንት አንድ ቀን የሥነ ልቦና ኮቺንግ የሚሰጡ ባለሙያ እንዳሉ ሰማሁ። ከተለመደው የምክር አገልግሎት በምን ይለያል? ይረዳኛል ትላላችሁ?

የሥነ ልቦና መምህር፦
እህቴ፣ የገለጽሽው በርንአውት (ከረጅም ጊዜ ጫና የሚመጣ መታከት) ከሚባለው ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የክርስቲና ማስላክ የበርንአውት መለኪያ ለተማሪዎች ተስተካክሎ ሲቀርብ የሚጠይቀው ስለ አቅም መሟጠጥ፣ ትምህርቱን ስለማናናቅና «አልችልም» ስለሚል ስሜት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎታል፤ ለእኔ ግን ጥናትም ሥራ ነው።

የምክር ባለሙያ የስሜት ጉዳትን ከሥሩ ይመረምራል፤ ኮች በአብዛኛው የሚይዘው ከፊትሽ ያለውን ሳምንት ነው። (ቃሉ ራሱ የተማሪ ቃል ነው፤ በ1830ዎቹ በኦክስፎርድ ለፈተና የሚያደርሳቸውን አስጠኚ በሠረገላ መስለው ኮች ይሉት ነበር።) አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት ተማሪ ሰባት ቀን ሙሉ የምትሠራውን በየሰዓቱ እንድትመዘግብ ተስማማን። ደብተሯን ይዛ ስትመጣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ የጻፈችው ማስታወሻ ከመስመሩ እየወረደ ሄዶ እሷ ራሷ ልታነበው አልቻለችም። «ታዲያ ይህን ሰዓት ለምን ታነቢበታለሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ሌሎቹ ስለማይተኙ» አለችኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያገኘነው ደግሞ የአምስት ሰው የቡድን ሥራ ብቻዋን እየጻፈች መሆኑን ነበር። «እኔ የራሴን ክፍል ብቻ ነው የማስረክበው» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ድምፅዋ እስኪጸና ድረስ አብረን ተለማመድነው። ኮቺንግ ማለት ባመዛኙ ይኸው ነው፤ ተአምር የለውም።

ከሁለት ዓመት በፊት የተመረቀ፦
የመምህሩን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ስድስት ሰው በሚተኛበት ዶርም መብራቱ ሳይጠፋ እያደረ፣ አራት ፋይናል በአንድ ሳምንት ተጨናንቆ እያለ፣ መታረም ያለበት የተማሪው አእምሮ ብቻ ነውን? እኛን ያሳረፈን የክፍል ተወካያችን ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄዶ ሁለቱን ፈተናዎች ማራራቁ ነበር። ደግሞም የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ራሱን ኮች የሚል ሰው ስለማይጠፋ፣ ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት ምን እንደተማረና ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ማን እንደሚልክሽ ጠይቂው። የሚቀየም ከሆነ ተይው።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
ከሁሉ በፊት የደም ምርመራ አድርጊ፤ የደም ማነስም ሆነ የታይሮይድ ችግር እንዲህ ያደክማል። የስሜት መውረዱ ወይም የምትወጂው ነገር ሁሉ ደስታ ማጣቱ በየዕለቱ እየታየ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ በላዩም እንቅልፍና ምግብ ከተዛቡ፣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል በኮቺንግ ብቻ አይታለፍም። መኖር የማያስፈልግ መስሎ ከታየሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ፣ የምታምኚውን ሰው አስከትለሽ፣ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ብዙ ተማሪ «አማኑኤል ሄደች» መባልን ፈርቶ ይዘገያል፤ የአእምሮ ሕክምና ግን በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻው የተባለው እኔ ጋ የለም፤ ለነገ ጠዋት ግን የደም ምርመራ ወረፋ ይዣለሁ። ማታ ደብተሬን ገልጬ የረቡዕን ማስታወሻ አየሁት፤ ከገጹ አጋማሽ በታች ያለውን እኔም ማንበብ አቃተኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችንም የአራት ሰው ነው፤ እስካሁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መምህር፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለቅርብ ጓደኛ ሳያስከፉ መናገር የሚቻለው እንዴት ነው?