የቃኘው ዘማቾችን ቃል ለመቅረጽ የሚቀርበው የድጋፍ ጥያቄ፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ዓላማው በጉባኤው የተወሰነው ነው፤ በቃኘው ሻለቃ ሥር ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ዛሬ በማኅበራችን መዝገብ በሕይወት ያሉትን አሥራ አንድ አባቶች በድምፅና በምስል መቅረጽ፣ ቅጂውንም በአዲስ አበባና በኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻለቃ ሲሸኝ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የነበረ ሰው አሁን ዘጠናን አልፏል። የምናመለክትበት የኮሪያ የሕዝባዊ ዲፕሎማሲ ድጋፍ ግንባታንና በእጅ የሚሰጥ ዕርዳታን ስለማይሸፍን ለሕክምና የተያዘውን አንቀጽ አውጥቼዋለሁ። ማመልከቻው የሚዘጋው አርብ ነው።

የዘማች ልጅ፦ ርዕሱ «የኮሪያና የኢትዮጵያ ወዳጅነት» ይላል። ይህን ማን ወሰነ? አባቴ የዘመተው በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ነው። በራሳችን ማኅበር ማኅተም በሚወጣ ሰነድ ላይ የአገራችን ስም ሁለተኛ ሆኖ እንዲጻፍ አልስማማም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቅጹ ራሱ ኮሪያን አስቀድሟል። ገንዘቡን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው፤ በስም ቅደም ተከተል ተከራክረን ነጥብ የምናጣበት ምክንያት አይታየኝም።

የዘማች ልጅ፦ መስጠት ከተነሣ ማን ቀድሞ እንደ ሰጠ ይታወቃል። አንድም ዘማች ሳይማረክ የተመለሰ ጦር ነው የምንወክለው።

ጡረተኛ አባል፦ ለዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ አለ። ሁለት አገሮች ውል ሲፈራረሙ እያንዳንዱ ወገን በሚይዘው ቅጂ ላይ የራሱ ስም ቀድሞ ይጻፋል፤ በዲፕሎማቶች ቋንቋ «አልተርና» ይባላል። የአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያን፣ የኮሪያኛው ቅጂ ኮሪያን ያስቀድም።

ገንዘብ ያዥ፦ የምናስገባው አንድ ቅጂ ነው፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ነው።

የልጅ ልጅ፦ በእንግሊዝኛ ከሆነ በፊደል ተራ «ኢ» ከ«ኬ» ይቀድማል። በእኛም ፊደል «አ» ከ«ከ» ይቀድማል። ማንንም ሳናስቀይም ኢትዮጵያ ትቅደም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቀጥሎ ደግሞ ኮሪያውያን አገራቸውን በራሳቸው ፊደል በምን እንደሚጀምሩ ልንመረምር ነው?

ጸሐፊ፦ ርዕሱን ለጊዜው እናቆየው። በሦስተኛው ገጽ የወደቁት ጀግኖች ቁጥር 121፣ በሰባተኛው ደግሞ 122 ተብሏል። ሁለቱም በተለያዩ ጽሑፎች ይገኛሉ። የትኛውን እንያዝ?

የዘማች ልጅ፦ ርዕሱ ሳይታረም ወደ ሌላ ገጽ አልሄድም። ካልታረመ የአባቴ ፎቶግራፎች ከማመልከቻው ይውጡልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፎቶግራፎቹን ማውጣት መብትዎ ነው፤ ነገር ግን ማኅበሩ የአንድ ቤተሰብ አይደለም።

የዘማች ልጅ፦ ይህ ቃል ለእኔ ሳይሆን ለሟቹ አባቴ የተነገረ ነው። እንዲመለስ እጠይቃለሁ።

የዘማች ሴት ልጅ፦ ትናንት ማታ አባቴ ስለ ኮሪያ ብርድ ሲያወራኝ አመሸ። ጓንት የሌለው ሰው ጣት ከጠመንጃው ብረት ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ ቆዳው እዚያው እንደሚቀር፣ እርሱም ሌሊቱን ሙሉ የጓደኛውን እጅ በብብቱ ይዞ እንዳሞቀ ነገረኝ። የጓደኛውን ስም ብጠይቀው ጠፋበት። በጥቅምት ስጠይቀው ያስታውሰው ነበር፤ ያን ጊዜ አልጻፍኩትም። እባካችሁ ቀረጻው የሚጀመርበትን ቀን ንገሩኝ።

ሰብሳቢ፦ ገንዘብ ያዡ ቃሉን እንዲያነሣ በስልክ ተነጋግረን ተስማምቷል። ርዕሱ «የኢትዮጵያና የኮሪያ» ይሁን፤ በቅጹ ሽፋን ላይ ያለው እንዳለ ይቆያል። ጉዳዩ በዚህ ይዘጋ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቃሌን አንሥቻለሁ።

የዘማች ልጅ፦ ተቀብያለሁ። ሽፋኑን በሚመለከት ግን ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ጸሐፊ፦ እህታችን ለጠየቁት፦ ካሜራና የድምፅ መቅረጫ አቀርባለሁ ያሉት አባል ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሡም። ኮሪያኛ ተርጓሚውም በሥራ ምክንያት መቅረታቸውን ገልጸዋል። ዕቃውን እንከራይ ብንል የመጓጓዣው በጀት ያልቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ቀረጻውን ወደ ሁለተኛ ምዕራፍ እናዛውረውና በአፍንጮ በር በሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ እናቅርብ። ገንዘብ ሰጪው ስንት ሰው እንደ ተመለከተው መጠየቁ አይቀርም፤ ዐውደ ርእይ ተመልካቹ ይቆጠራል፣ ቤት ለቤት የሚደረግ ቀረጻ ግን ሲጠናቀቅ እንኳ የምናሳየው ቁጥር የለውም።

ጡረተኛ አባል፦ ተኩስ አቁም በተፈረመበት በሐምሌ 20 ቢሆን ይመረጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1960 ዓ.ም. በቹንቾን የመረቁት ሐውልት ፎቶግራፍ በመካከል ይቀመጥ፤ የሁለቱም አገሮች ተወካዮች ንግግር ያድርጉ።

የልጅ ልጅ፦ ከሁለቱ ማን ቀድሞ ይናገራል?

የዘማች ልጅ፦ አስተናጋጁ አገር።

የዘማች ሴት ልጅ፦ ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው?

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ቀረጻው በገጽ ዘጠኝ «ወደፊት የሚከናወኑ ተግባራት» በሚለው ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቅሷል፤ ቀኑን ባዶ ትቼዋለሁ። የወደቁትን ቁጥር በሚመለከት አስተያየት ስላልደረሰኝ ሁለቱንም አውጥቼ «ከመቶ በላይ» ብያለሁ። እህታችን፣ የእኔ ስልክ ድምፅ በደንብ ይቀርጻል፤ አባታችን የሚነቁበትን ሰዓት ቢነግሩኝ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰብሳቢ፣ ማኅተሙ በእርስዎ እጅ ስለሆነ አርብ ከቀትር በፊት ይዘውልን ይምጡ።