የመገጭና የድርማ ዓሣ፦ በጋራ የጥናት ሐሳባችን ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ድጋፍ የምንጠይቅበት የጥናት ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ከደረሳችሁ ሳምንት ሆኖታል። ረቂቁ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የመገጭና የድርማ ወንዞች ጣና ሐይቅ በሚገቡበት አካባቢ በክረምት መረብ መጣል ቢቀር የዓሣው ዓይነትና ብዛት ያገግማል ወይ? ከጎንደር ወደሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ከመላኩ በፊት የሚጨመርም ሆነ የሚቀነስ ካለ በጽሑፍ እንድትገልጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዓሣ ባለሙያዋ፦
ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። መነሻውን አልክድም። በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች በ1990ዎቹ ውስጥ በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸው ተመዝግቧል። ዓሣዎቹ ከሐምሌ ጀምሮ በወንዞቹ መግቢያ ላይ ስለሚሰበሰቡ፣ በዚያ ወቅት እዚያ የተጣለ መረብ የሚያወጣው እንቁላሏን ገና ያልጣለችውን እናት ነው።

ይሁን እንጂ በኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሚሠሩት ድንጋይ መሰል የዓሣ መጠለያ ላይ የታየውን ልብ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ በሲሸልስ ዋና ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞተ። አጽሙ ግን ለተወሰኑ ዓመታት ቆሞ ስለቆየ ጉዳቱ ሁሉ ወዲያው አልታየም፤ ብዙ ዓይነት ዓሣ የተመናመነው በኋላ፣ አጽሙ ተሰባብሮ መሸሸጊያው ሲፈርስ ነው፤ ያውም ማጥመድ በተከለከለበት ክልል ጭምር። መረብ ማንሳት ብቻውን መጠለያ ያጣ ዓሣን አይመልስም ማለት ነው። የአንድ ዓመት ቆጠራም እንደሚያታልል ከዚሁ እንማራለን።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን ስንት ዓይነት ቀረ ብለን ብቻ ሳይሆን የትኛው ጎደለ ብለን እንድንጠይቅ ነው። ማጥመድ ቀድሞ የሚያሳሳው ትልልቁን ዓሣ ሲሆን፣ የመጠለያ መፍረስ ይበልጥ የሚጎዳው ትንንሹንና ከአንድ ዓይነት ምግብ ወይም መሸሸጊያ ጋር የተቆራኘውን ነው። የዓይነት ቁጥር ብቻ ይዘን ብንመለስ ሁለቱ ጉዳቶች አንድ መስለው ይታዩናል።

ከጎርጎራ የሚጽፉ አባል፦
ኮራሉን አላየሁትም፤ በሐይቃችን ዳር ለዓሣ መጠለያ የሚሆነውን ደንገል ግን አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ታንኳ እየገፋን በደንገሉ ዳር ስናልፍ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ የቀረሶ ዓሣ ጫጩቶች ከሥሩ ሲበተኑ እናይ ነበር። ዛሬ ውሃው በሸሸ ቁጥር ባሕር ሸሹ ይታረሳል፤ ደንገሉም ይታጨዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ መግቢያ በኩል የታየው እንቦጭም የተረፈውን ዳርቻ ይዞታል። (እንቦጭም ለዓሣ ጥላ ይሆናል ሲል የተከራከረኝ ሰው አለ፤ ተከማችቶ ሲበሰብስ የሚያመጣውን ሽታ አንድ ቀን ቢቀምሰው ሐሳቡን ይለውጥ ነበር።)

ሁለት ተቃውሞ አለኝ። ክልከላው ነሐሴን ከያዘ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የዚህ ውይይት ባይሆንም፣ ገዢ መኖሩን ገበያው ይመሰክራል፤ ስለዚህ አስጋሪዎቹ በእነዚያ ሳምንታት በምን እንደሚተዳደሩ ሳይጻፍ «ይከልከል» ብቻ ከተባለ ፊርማዬን አላኖርም። በተጨማሪም ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወንዙ ላይ የሚበትኑት ሰዎች መረብ የላቸውም፤ ረቂቁ አንድ ቃል እንኳ አላነሳቸውም።

የሥነ ሕይወት መምህሩ፦
ጋሼ ከጎርጎራ ያሉትን እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው መጠለያ ስንል ሐይቁን ብቻ እንዳናስብ ነው። ወደ ወንዝ የምትወጣው ዓሣ እንቁላሏን የምትጥለው ጥርት ያለ ውሃ በሚሮጥበት የጠጠር ወለል ላይ ሲሆን፣ በጠጠሮቹ መካከል የገባው እንቁላል አየር የሚያገኘውም ጭቃ ካልደፈነው ነው። አንድ እፍኝ ጠጠር አንስቶ ውሃ ውስጥ ማጠብ በቂ ፈተና ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ ቦታው ለእንቁላል አይመችም። ደለሉ ከየት እንደሚመጣ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ውሃው መጨረሻው መገጭ የሆነው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ አራት ዓይነት ቦታ እንምረጥ፦ ደንገል ኖሮት መረብ የሚበዛበት፣ ደንገል ኖሮት መረብ የማይበዛበት፣ ደንገሉ ጠፍቶ መረብ የሚበዛበት፣ ሁለቱም የሌሉበት። እንዲህ ካልሆነ የትኛው ጉዳት ከየትኛው እንደመጣ መለየት አንችልም። ደንገል ኖሮት መረብ የማይበዛበትን ቦታ ማግኘት ግን ቀላል እንደማይሆን ከወዲሁ እናገራለሁ።

የዓሣ ባለሙያዋ፦
በአራቱም እስማማለሁ፤ የናሙና መረቡ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከጠባብ ዓይን እስከ ሰፊ ዓይን የተቀጣጠለ፣ ለእኩል ሰዓት የሚጣል። ሰፊ ዓይን ብቻ ከተጠቀምን ጫጩቶቹን አናያቸውም፤ ጫጩት መጥፋቱ ደግሞ እናቶቹ መራባት እንዳቃታቸው ቀድሞ የሚነግረን ምልክት ነው።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ ጥያቄው «የመረብ ሥራና የመጠለያ ሁኔታ፣ በየብቻቸውና በአንድነት፣ የትኛውን ዓሣ ያጎድላሉ?» ተብሎ ይስተካከል። ቆጠራው ቢያንስ ለሦስት ክረምት ይካሄድ፤ የወንዝ ጠጠርና የብርብራ ጉዳይም ይግቡ። ስለ አስጋሪዎቹ መተዳደሪያ ያለውን አንቀጽ የጎርጎራው አባላችን ከአስጋሪዎቹ ጋር ተመካክረው እስከ ማክሰኞ እንዲልኩልን እጠይቃለሁ፤ ያ አንቀጽ ሳይደርስ ረቂቁ ለፊርማ አይቀርብም።