ሀዋሳ ሆኜ የፓርክና መዝናኛ ማኔጅመንት ወረቀት ፈልጌ ነበር፣ የቱን ልያዝ?

አትክልተኛዋ (ሀዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ሀዋሳ ግብርና ኮሌጅ ሆርቲካልቸር ነው የጨረስኩት፣ አሁን ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የግል መዝናኛ ውስጥ የአረንጓዴ ቦታ ኃላፊ ሆኜ ሁለት አመት ከአራት ወር ሆነኝ። የአረንጓዴ ቦታ ይባል እንጂ ስራው ሁሉንም ነው፣ ሳር ማሳጨድ፣ ዘጠኝ ሰራተኛ መምራት፣ የቲኬት ሂሳብ ሲጎድል ቁጭ ብሎ መቁጠር፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ሲመጣ ጦጣዎቹ የሙሽሪትን አበባ እንዳይነጥቁ ሰው ማቆም፣ የልጆች መጫወቻውን መጠበቅ ምናምን።

ማኔጀራችን በቅርቡ ለቀቀ። ባለቤቱ ጠሩኝና «ስራውን እንደምትችይው አውቃለሁ፣ ግን ባንኩም ሌላውም ሲጠይቀኝ የማሳየው ወረቀት የለሽም፣ በመስኩ አንድ ነገር ይዘሽ ነይ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ቦታውን እፈልገዋለሁ።

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ሲፒአርፒ የሚባል የፓርክና የመዝናኛ ባለሙያ ሰርተፍኬት አለ አለችኝ፣ በፈተና ነው የሚገኘው። ጓደኛዬ ደግሞ ወንዶገነት ማስተርስ ተማሪ ትለኛለች። ሶስተኛዋ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ውሰጂ በቃ አለች። ሶስቱም ጥሩ ይመስሉኛል ግን ገንዘቤም ጊዜዬም ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለምን እንደቸኮልኩ እንዲገባችሁ። አምና ታህሳስ ገብርኤል ከተማው በእንግዳ ሞልቶ ሳለ አንድ የስድስት አመት ልጅ ሸርተቴው አናት ላይ ተገፍቶ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ። እናትየው ነጠላዋን ቀዳ እጁን አሰረችለት፣ እኔ አቅፌው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፣ እስከ ሆስፒታል ድረስ ልጁ ሳይሆን እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። ሸርተቴው ስር ሲሚንቶ መኖሩን በየቀኑ አየው ነበር እኮ፣ ግን ጥፋት መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም፣ እኔም የተማርኩት ስለ አፈርና ስለ ችግኝ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን እውቀቱንም ነው የምፈልገው።

ከሜሪላንድ

እህቴ አይዞሽ። ሲፒአርፒን ወስጄዋለሁ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። እዚህ የመጣሁት 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነው፣ መጀመሪያ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነበርኩ፣ ከዛ ሬክሪየሽን ሴንተር ውስጥ የፊት ጠረጴዛ፣ ከዛ የልጆች ፕሮግራም፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የደረስኩት።

ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ኤንአርፒኤ ይባላል፣ በ1965 በፈረንጅ የተመሰረተ የፓርክና የመዝናኛ ባለሙያዎች ማህበር ነው። ለመፈተን የሚጠይቁት ትምህርትና የስራ ልምድ ተደምሮ ነው። በዚሁ መስክ ዲግሪ ያለው ሰው አንድ አመት ከሰራ ይበቃዋል፣ እንዳንቺ በሌላ መስክ ዲግሪ ያለው ሶስት አመት ሙሉ ሰዓት መስራት አለበት፣ እንደኔ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ የጨረሰ አምስት አመት። አንቺ ስምንት ወር ነው የሚጎድልሽ ማለት ነው፣ ሩቅ አይደለም። ፈተናው 150 የምርጫ ጥያቄ ነው፣ ከነሱ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም ግን የትኞቹ እንደሆኑ ስለማታውቂ ሁሉንም ከልብሽ ትሰሪያለሽ። አንዴ ካለፍሽ በየሁለት አመቱ ማደሻ አለው፣ 20 ሰዓት ያህል ስልጠና መውሰድሽን ታሳያለሽ።

አሁን ዋናው ነገር። እኔ ስገባ ስለ ዛፍና ስለ ሳር ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። የለም። የሚጠይቁሽ ስለ ገንዘብ ነው፣ ስለ ሰራተኛ ነው፣ ስለ ፕሮግራም አወጣጥ፣ ስለ ጥገናና ደህንነት፣ ከህዝብ ጋር ስለ መነጋገር። የመግቢያ ዋጋ ስትወስኚ ከወጪው ስንቱን እጅ ከተጠቃሚው ትሰበስቢያለሽ ስንቱን ደግሞ ከሌላ ታመጫለሽ፣ በጎ ፈቃደኛ ሲጎዳ ምን ታደርጊያለሽ፣ እንዲህ ያለ ነው። ብዙው ደግሞ የአሜሪካ ህግ ነው፣ ለምሳሌ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ህግ እዚህ የፓርክ ስራ ውስጥ የማይገባበት ቦታ የለም፣ መንገዱ ስፋቱ፣ የሽንት ቤቱ በር፣ ሁሉም። እሱን ስታጠኚ ሀሳቡ ይጠቅምሻል፣ ሀዋሳ ላይ ግን በዛ ህግ የሚጠይቅሽ የለም። ስለዚህ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ከአሜሪካ ውጪ ሆኖ መፈተን እንዴት እንደሆነ በኢሜል ጠይቂያቸው፣ ባለቤቱንም ይሄ ወረቀት ለባንኩ ያሳምናል ወይ በያቸው።

ስለ ልጁ የጻፍሽውን ሳነብ ግን ሌላ ነገር ነው የታሰበኝ። ኤንአርፒኤ ራሱ ሲፒኤስአይ የሚባል ሌላ ሰርተፍኬት አለው፣ የልጆች መጫወቻ ደህንነት መርማሪ ማለት ነው፣ ሶስት አመት ያገለግላል። ያንቺ ጥያቄ መልሱ ያ ነው ባይ ነኝ። ወረቀቱን ባትወስጂውም እንኳ እውቀቱን ነገ ጠዋት መጀመር ትችያለሽ፣ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በነጻ ያወጣው የመጫወቻ ቦታ መመሪያ ኢንተርኔት ላይ አለ። ጥቂቱን ልንገርሽ፣ ሜትር ይዘሽ ውጪ፦

መጫወቻ ላይ ልጅ ከሚጎዳባቸው ነገሮች ትልቁ መውደቅ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ብረቱ ሳይሆን መሬቱ ነው። ሲሚንቶ፣ አስፋልት፣ የተጠቀጠቀ አፈር አይሆንም፣ ሳርም እየተረገጠ ስለሚደነድን አይቆጠርም። በእያንዳንዱ መጫወቻ ዙሪያ 1 ሜትር ከ80 ያህል ምንም ነገር የሌለበት ለስላሳ መሬት ይኑር፣ ለዥዋዥዌ ግን ከፊትና ከኋላ የተሰቀለበትን ከፍታ እጥፍ ያስፈልጋል።

ከዛ ክፍተቶቹን ለኪ። ከ9 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ከ23 የሚያንስ ክፍተት አደገኛ ነው። ምክንያቱም ህጻን ልጅ በእግሩ ሲገባ ገላው ያልፋል፣ ጭንቅላቱ ግን እዛው ይቀራል። ወይ ከ9 ይጥበብ ወይ ከ23 ይስፋ፣ መሀሉ ላይ አይሁን።

የዥዋዥዌውን ሰንሰለት የሚይዘውን እንደ ኤስ ፊደል የተጠመዘዘ መንጠቆ እዪው። አፉ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከተከፈተ የሹራብ ክር ወይም የሻርፕ ጫፍ ይይዛል፣ አንገት ላይ ያለ ነገር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ልነግርሽ አልፈልግም። በፒንሳ ግጠሚው።

ያየሽውን ሁሉ ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፊ። ያ ደብተር አንድ ቀን የስራ ልምድ ማስረጃሽ ይሆናል።

ጡረተኛው (ሀዋሳ፣ አቶቴ)

ልጄ፣ ቅን ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። ሰራተኛ አስተዳደር ላይ ብዙ አመት ስለሰራሁ በወረቀቱ በኩል የማውቀውን ላካፍልሽ።

መጀመሪያ ወዴት መሄድ እንደምትፈልጊ ለዪ። ነገ ከነገ ወዲያ ማዘጋጃ ቤት ወይም ሌላ የመንግስት መስሪያ ቤት መግባት ካሰብሽ እዛ የሚታየው ለመደቡ የተጻፈው የትምህርት ዝግጅት ነው። የውጪ የሙያ ማህበር ሰርተፍኬት እዛ ዝርዝር ውስጥ ካልተጻፈ መደብ አያስይዝሽም። ከትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን የሚወሰደው አቻ ግምት ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ላይ ነው፣ በፈተና ለተገኘ የማህበር ሰርተፍኬት ብለሽ አትልፊበት። ለግል ድርጅት ከሆነ ግን ባለቤቱ ያመነበት ይበቃል፣ ጌታውም ዳኛውም እሱ ነው።

ሲኦሲን በተመለከተ፣ ምዘናው የሚሰጠው የሙያ ደረጃ ለወጣለት ስራ ነው፣ ከደረጃ 1 እስከ 5። አንቺ ዲግሪ ስላለሽ ዝቅ ብለሽ የምትወስጅው እንዳይመስልሽ፣ በእጅ የምትሰሪውን ነው የሚመዝነው። በከተማሽ ያለው የምዘና ማዕከል ሄደሽ በአትክልትና በውበት ስራ ወይም በቱሪዝም በኩል የትኛው ሙያ ክፍት እንደሆነ ጠይቂ፣ ከሶስቱ መንገድ በገንዘብ ረገድ ቀላሉ እሱ ነው።

እነዚህን ስታስቢ አንዱን ነገር ዛሬውኑ አድርጊ፣ የስራ ልምድ ደብዳቤሽን አስጽፊ። «የአረንጓዴ ቦታ ኃላፊ ሆና እየሰራች ትገኛለች» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልቅ ደብዳቤ አትቀበይ። ዘጠኝ ሰው እንደምትመሪ፣ የቲኬት ገቢ እንደምትቆጣጠሪ፣ የመጫወቻ ደህንነት በአንቺ ስር መሆኑ ይጻፍ፣ ደመወዙና የስራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይገለጽ፣ ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር ይቀመጥ። ስንት ጎበዝ ልጅ ግብሩ ያልተጠቀሰበት ደብዳቤ ይዞ መጥቶ አምስት አመቱ ሳይያዝለት ሲመለስ አይቻለሁ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ወንዶገነቴ

የጋሼን ሀሳብ እጋራለሁ። እኔ ስለ ማስተርሱ ብቻ ልጻፍ፣ ምክንያቱም እዛ ስለተማርኩና ሰው ሁሌ የሚሳሳትበትን ነገር ስለማውቅ።

በኛ ቋንቋ ፓርክ ስትዪ ሁለት ነገር ነው የሚባለው። አንዱ አብያታ ሻላ፣ ነጭ ሳር፣ ባሌ ነው፣ የዱር እንስሳ ያለበት፣ ስካውትና ዋርደን ያለው። ሌላው ሰው ልጁን ይዞ የሚሄድበት፣ ፎቶ የሚነሳበት፣ ለስላሳ የሚጠጣበት ነው። ወንዶገነት ከጥንትም የደን ትምህርት ቤት ነው፣ በ1978 በፈረንጅ ነው የተከፈተው፣ በኋላ በ2000፣ እሱም በፈረንጅ፣ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሲመሰረት ተካተተ፣ ያ ነው አሁን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ስለዚህ እዛ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ጥብቅ ቦታ አያያዝ ስትማሪ የሚያዘጋጅሽ ለመጀመሪያው ፓርክ ነው። እኔ ለምሳሌ ተግባር ልምምዴን ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው የሰራሁት፣ ጠዋት በጤዛ ወጥተን ቆርኬ እንቆጥር ነበር፣ ይሄኛው የቆርኬ ዝርያ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፣ በጣም የምወደው ስራ ነው። ግን የቲኬት ሂሳብና ሰርግ የሚያስተናግድ ሰው ቆርኬ መቁጠር ምን ያደርግለታል?

አንድ የሚጠቅምሽ ክፍል ግን አለ፣ የጎብኚ አያያዝ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደሽ ጦጣዎቹን እዪ፣ ሰው ሙዝና ኦቾሎኒ እየሰጠ አስለምዷቸው ፌስታል የያዘ ሰው ሁሉ ባለዕዳ ይመስላቸዋል። ህጻን ልጅ እጅ ላይ ያለውን ሲነጥቁ መቧጨርም መንከስም አለ። ሰው ማቆም አይፈታውም፣ መመገብን መከልከልና የቆሻሻ ገንዳውን ክዳን ማበጀት ነው የሚፈታው። ይሄን ለማወቅ ደግሞ ማስተርስ አያስፈልግሽም።

ማስተርሱን ኋላ ትደርሽበታለሽ፣ አሁን አይደለም ባይ ነኝ።

አዳሜ

እኔም አዳማ ላይ ተመሳሳይ ስራ ነው የምሰራው፣ ይሄን ሁሉ አንብቤ ወጥቼ የኛን መንጠቆ አየሁት። ሁለቱ አፋቸውን ከፍተዋል። ከሜሪላንድ ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

አትክልተኛዋ (ሀዋሳ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ደብዳቤውን እንዳሉት አስጽፌዋለሁ፣ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ግብሩም ተጠቅሷል። የምዘና ማዕከሉ ሰኞ እሄዳለሁ። ሲፒአርፒውን ደግሞ ሶስት አመቴን እስክሞላ ላጥና ብዬ ወስኛለሁ፣ ለባለቤቱም ስነግራቸው ቅር አላላቸውም፣ እንደውም እስከዛው በተጠባባቂነት ያዢው ብለውኛል።

ሜትር ይዤ ወጣሁ። የሸርተቴው መወጣጫ አጥር በብረቶቹ መሀል 14 ሴንቲሜትር ነው። አራቱንም ጎን ለካሁት፣ አራቱም 14። ሁለት አመት ሙሉ ቀለም ሳስቀባው የኖርኩት አጥር ነው። በያጅ ቅዳሜ ይመጣል፣ እስከዛ በገመድ ዘግቼዋለሁ፣ ልጆቹ እየተቆጡኝ ነው።

ሲሚንቶውን ማስፈንቀል ጀምረናል። ባለቤቱ አሸዋ እናልብስ አሉ፣ ርካሽ ስለሆነ። ሸርተቴው አናቱ ላይ 1 ሜትር ከ90 ነው። አሸዋ ይበቃል ወይስ ሌላ?

ከሜሪላንድ

አይበቃም እህቴ። 23 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ የሚያድነው ከ1 ሜትር ከ20 ገደማ የወደቀን ልጅ ነው። ያንኑ ያህል የእንጨት ስብርባሪ ግን እስከ 3 ሜትር ይይዛል። እንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች ጠይቂ፣ የተቀባ ወይም ኬሚካል የተነከረ እንጨት እንዳይሆን ብቻ፣ ሰጋቱራም አይደለም የምልሽ፣ ስብርባሪውን ነው። ሲረገጥ ቢያንስ ሩብ ያህሉ ስለሚሟሽሽ መጀመሪያ 30 ሴንቲሜትር ሙዪው። ከስሩ ውሃ መውረጃ ይኑረው፣ ካልሆነ ክረምት ላይ ይበሰብስብሻል። ሸርተቴው መውረጃ ጫፍ ላይ ልጆች በእግራቸው ስለሚገፉት እዛጋ ቶሎ ይጎድላል፣ በየጠዋቱ በሬክ መልሺው።